መምህር ደጀኔና አልተለወጠችም የተባለችው እንስሳ

ደጀኔ መሞቱን የነገረኝ ከአንኮበር በግ ሊሸጥ የመጣ ሰው ነው። መናኸሪያው በር ላይ ዝናቡ እስኪያባራ ቆሜ ሳለ በጉን በገመድ እየጎተተ አጠገቤ ተጠለለ። ከአንኮበር መሆኑን ሲነግረኝ ስለ መምህር ደጀኔ ጠየቅኩት። «ያ አንድ ቦታ መቆም የማይሆንለት መምህር? ሞተ እኮ! ማክሰኞ ቀበርነው» አለኝ። ኧረ ወሬ እንዲህ ይነገራል? ደረቴን ስመታ ደነገጠና «ዘመድዎ ነበር እንዴ እትዬ?» አለ። ምን ልበለው? ዘመዴ አልነበረም። ባሌም አልነበረም፤ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ እያለ ያማን ነበር እንጂ። «አብረን ሠርተናል» አልኩትና ጃንጥላዬን እዚያው ረስቼ በዝናብ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ አልተቀመጥኩም። ድስት ጥጄ ወደ ደጅ እወጣለሁ፣ ከደጅ ተመልሼ ምን ፈልጌ እንደገባሁ እረሳለሁ። ልጄ «እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው የምትንቆራጠጪው?» ትለኛለች። የሱ አመል ተጋብቶብኝ እንደሆነ እንጃ።

በደርግ ጊዜ ደብረ ብርሃን ውስጥ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ፈተናውን በማባዣ ስቴንስል የምመታ እኔ፣ ደብዳቤውን በሦስት ኮፒ የማወጣ እኔ፣ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ቃለ ጉባኤ የምይዝ እኔ። ስብሰባ ደግሞ መቼ ጠፍቶ! የመምህራን ስብሰባ፣ የቀበሌ ስብሰባ፣ የሴቶች ስብሰባ፣ ስለ ስብሰባ የሚደረግ ስብሰባ። ደጀኔ የባዮሎጂ መምህር ነበር። ቀጭን፣ አንገተ ረጅም፣ ክረምት ከበጋ አንድ ግራጫ ካፖርት የማያወልቅ ሰው። አንዱ ኪሱ ጠመኔ፣ ሌላው ኪሱ ድንጋይ ነበር። ድንጋይ ስል እውነተኛ ድንጋይ ማለቴ ነው።

ተማሪዎቹ «ነፋሱ» ብለው ስም አውጥተውለታል። ክፍል ውስጥ ከጥቁር ሰሌዳው እስከ ኋላው ግድግዳ ሲመላለስ አንገታቸውን ያዞራቸው ነበር። ሻይ አዝዞ ሁለት ጊዜ ፉት ይልና ይነሳል። የክበቡ አሳላፊ ግማሽ የተጠጣ ብርጭቆ አንዱን ከመስኮት ላይ፣ አንዱን ከደረጃ ላይ፣ አንዱን ከኔ የጽሕፈት መኪና አጠገብ እየለቀመች ትራገመዋለች። «ቁጭ ብለህ ጠጣ፣ አትታረድም!» ስለው «ቁጭ ስል የማስበው ይጠፋብኛል» ይለኛል። አንድ አባባልም ነበረችው። ተማሪ ሁሉ «እሺ ጋሼ» ካለው «አትመኑኝ!» ብሎ ይጮህ ነበር። «እኔ ስላልኩ አትመኑኝ! ሄዳችሁ እዩ!»

ራሱንም አያምንም ነበር። አንድ ዓመት የድሮ ፈተና ወረቀት ሲያገላብጥ ልክ የነበረ መልስ ኤክስ አድርጎበት አገኘ። ልጁ ትምህርት ጨርሶ አገሩ ሰላ ድንጋይ ገብቷል፣ እርሻ ይዟል፣ ፈተናውንም ረስቶታል። ደጀኔ ቅዳሜ ጠዋት በጭነት መኪና ተሳፍሮ ሄደ። ሰኞ ሲመጣ ከንፈሩ በብርድ ተሰነጣጥቆ «ነገርኩት፤ ልክ ነበርክ አልኩት» አለኝ። «ልጁስ ምን አለ?» ስለው፣ «እኔ ምኑም ትዝ አይለኝም፣ ይልቅ ቆሎ ይብሉ አለኝ» አለና ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። እብድ ነው ብዬ ተናድጄበት ነበር።

ያቺን እንስሳ ያመጣት ከምጽዋ ነው። አንድ ክረምት ለሥልጠና ተልኮ ሳለ ባሕሩ ሸሽቶ ጭቃው ሲገለጥ ዓሣ አጥማጆች ለመንጠቆ የሚሆን ትል ሲቆፍሩ አወጧት። በፎርማሊን ጠርሙስ ውስጥ አድርጎ ይዟት መጣ። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣ ሁለት ስስ ቅርፊት የተጋጠመባት፣ አረንጓዴ ቡናማ ነገር ናት፤ ከታችዋ እንደ ሥጋ ክር የመሰለ ረጅም ጭራ አላት። ሊንጉላ ነው ስሟ። በጭራዋ ጭቃ ውስጥ ቀጥ ብላ ትቀበራለች፣ በላይዋ ትንንሽ ቀዳዳ ትተዋለች፣ የሚነካት ሲመጣ ሽው ብላ ወደ ታች ትገባለች። መምህራን ክፍል ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጣት የቤት አያያዝ መምህሯ ጮሃ ወጣች። እኔም «ምሳ በምንበላበት?» ብዬ ጮኽኩበት።

እሱ ግን እንደ ልጅ ይዘላል። ከኪሱ ድንጋይ አወጣ። ድንጋዩን ያገኘው ጀማ ሸለቆ ወርዶ ነው፤ ገበያ የመጡ የዚያ አገር ገበሬዎችን እየጠየቀ፣ ዛጎል ያለበት ድንጋይ የቱ ጋ እንዳለ እየተነገረው፣ በእግሩ ሁለት ቀን ሄዶ። ነጣ ባለው ድንጋይ ላይ የጠርሙሷን የመሰለች ቅርፊት ታትማለች። «ይቺ አገር ባሕር ነበረች፤ እንስሳዋ ከዚያ ባሕር የቀረች ናት። ባሕሩ ሄደ፣ ተራራው ወጣ፣ ስንት ትልልቅ አውሬ መጥቶ ጠፋ። እሷ እዚያው ጭቃዋ ውስጥ ናት። ሕያው ቅሪተ አካል ይሏታል» አለን። አስራ አንደኛ ክፍል ገብቶም ይህንኑ አስተማረ። በዚያ ሁሉ ሚሊዮን ዓመት ፈጽሞ አልተለወጠችም ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈ።

ጣጣው የመጣው ከዚያች ዓረፍተ ነገር ነው። በዚያው ሳምንት ተማሪዎቹ የፖለቲካ ትምህርት ነበራቸው። የሚያስተምራቸው ካድሬ ከአዲስ አበባ ሥልጠና የመጣ፣ ገና ጢሙ ያልጠና፣ ግን ሽጉጥ ታጥቆ የሚሄድ ጎረምሳ ነበር። በዓለም ላይ የማይለወጥ ነገር የለም፣ ሁሉም በለውጥ ሕግ ሥር ነው ሲል አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ጓድ፣ ሊንጉላስ?» አለው። ካድሬው ሊንጉላን ከየት ያውቃታል! የሰው ስም መሰለው። «ማነው እሱ? የየት ቀበሌ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ያ ሳቅ ነው ደጀኔን የበላው። ካድሬው በማግስቱ ቢሮ መጥቶ ከዳይሬክተሩ ጋር በሩን ዘጋ። ግድግዳው ጣውላ ስለሆነ እያንዳንዷን ቃል እሰማለሁ። «ለውጥን የሚክድ ትምህርት ነው። በባዮሎጂ ስም አድኃሪ ቅስቀሳ ነው» ይላል። ከዚያ ደጀኔ ተጠራና ተነገረው። የሚመጣው ቅዳሜ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ላይ ቆሞ መሳሳቱን፣ እንስሳዋ መለወጧን ይናገር፤ ካልሆነ ጉዳዩ ወደ በላይ ይተላለፋል። ወደ በላይ ማለት ምን እንደሆነ ለኔ የሚነግረኝ አያስፈልግም። ከጥቂት ዓመት በፊት ከዚያው ትምህርት ቤት ወደ በላይ የተላለፉ ሁለት መምህራን ስማቸውን ከደመወዝ ዝርዝር ላይ የሰረዝኩት በገዛ እጄ ነው።

«ምን ቸገረህ፣ ተለወጠች በላ!» አልኩት። «ምን ቤትህ ናት? እህትህ ናት?»

«አልተለወጠችም ብዬ አስተምሬ ተለወጠች ልበል? ምን አይቼ?»

«ሽጉጡን አይተህ!»

በሩን ወርውሮት ወጣ። ሦስት ቀን ሙሉ ግቢውን ሲዞር ዋለ። የሰንደቅ ዓላማውን ምሰሶ ይዞራል፣ ሽንት ቤቱ ድረስ ይሄዳል፣ ይመለሳል። እኔም መተየብ አልቻልኩም፤ አንድ ስቴንስል አራት ጊዜ አበላሸሁ። ይታሰራል፣ ይገደላል፣ ስሙን ደግሞ እኔው እሰርዘዋለሁ እላለሁ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ እየሮጠ መጣ። «ነይ፣ ነይ፣ ተነሺ!» ብሎ እጄን ይዞ ላቦራቶሪው መስኮት ጋ አቆመኝ። ከጠርሙሷ አውጥቶ ቅርፊቷን ከፍቷታል። ድንጋዩንም በመርፌ ሲፍቅ፣ ሲፍቅ ከርሞ የቅርፊቱን የውስጥ ገጽ አውጥቶታል። ለካ ሲዞር ያልዋለበት ሰዓት ሁሉ እዚያ ነበር። «የጡንቻ ምልክት የሚባል አለ» አለኝ፣ ትንፋሽ እያጠረው፤ «ጡንቻው ከቅርፊቱ ጋር የሚጣበቅበት ጠባሳ ነው። የምጽዋዋ ላይ እዚህ ነው፤ የድንጋይዋ ላይ ወዲያ ሸሽቷል። ከውጭ አንድ ናቸው፣ ከውስጥ ይለያያሉ። ተለውጣለች! እኔ ነኝ የተሳሳትኩት!»

«እሰይ! ተመስገን! በቃ ነገ ይህንኑ ትላለህ» አልኩና ልስመው ምንም አልቀረኝ።

እሱ ግን ፊቱ ጠቆረ። «ግን እኔ ፈርቻለሁ» አለ። «ሰው ሲፈራ የሚፈልገውን ያያል። ይህን ያየው ዓይኔ ይሁን ፍርሃቴ አላውቅም። እስቲ አንቺ እዪልኝ። አንቺን ማንም አላስፈራራሽም።»

አጉሊ መነጽሩን አስጠጋልኝ። መስታወቱ ላይ ትንፋሼ ጉም ይሠራል፣ ዓይኔ በብርዱ ያነባል። ጎንበስ ብዬ አየሁ። አንድ ቡናማ ነገር ይታየኛል፤ ወደ ድንጋዩ ስዞር አንድ ነጣ ያለ ነገር ይታየኛል። ጠባሳ የለም፣ ምልክት የለም፣ የሸሸ የለም፣ የቀረበ የለም። ምንም አላየሁም። ቀና ስል ዓይኑን አፍጥጦ ይጠብቀኛል።

«አዎ» አልኩት። «ይለያያል። ቁልጭ ብሎ ይታያል።»

ማንም አላስፈራራሽም ይለኛል! እኔ ከሱ በላይ ነበር የፈራሁት። ከብዙ ዓመት በኋላ ለአንድ የባዮሎጂ መምህር አንስቼበት «ከውጭ የድሮዋን ትመስላለች እንጂ ከውስጥ ተለውጣለች፤ ሰውዬው ልክ ነበር» ብሎኛል። ደጀኔ ልክ ነበር። እኔ ግን ያን ቀን አላየሁም።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። መምህራን፣ የተማሪ ተወካዮች፣ የቀበሌ ሰዎች መጡ። ግራ እጃችንን አንስተን መፈክር አሰማን። እኔ ፊት ወንበር ላይ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ፤ ደጀኔ ከጎኔ ተቀምጦ እግሩ ወለሉን ይደበድባል። ተራው ሲደርስ ተነሳ።

«ጓዶች፣ ለአስራ አንደኛ ክፍል ሊንጉላ ፈጽሞ አልተለወጠችም ብዬ አስተምሬያለሁ። ተሳስቻለሁ። ተለውጣለች። ሳላጣራ መናገሬ ጥፋት ነው።»

ጭብጨባ! ካድሬው ራሱ ቆሞ አጨበጨበ። ደጀኔ ተቀመጠ። እኔ «ጥፋቱን አምኖ ግለ ሂስ አድርጓል» ብዬ ጽፌ ትንፋሼን ለቀቅኩ። አለቀ፣ ዳነ ብዬ ነበር። ቀና ስል እሱ ወደ ኋላ ዞሮ ያያል። ዓይኑን ተከትዬ ሳይ ያ ጥያቄ ያነሳው ልጅ ነው። አያጨበጭብም። ደጀኔን ዓይን ዓይኑን አየውና ፊቱን ወደ መሬት አዞረ። መምህሬ ፈርቶ ዋሸ ብሎ አፍሯል፤ ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልግም።

የደጀኔ ጉልበት እንደገና ይርገበገብ ጀመር። ገባኝ። በግራ እጄ የካፖርቱን ጫፍ ጨበጥኩ። «እንዳትነሳ» አልኩት በሹክሹክታ፤ «ደጀኔ፣ በእናትህ፣ ጨርሰሃል፣ ተቀመጥ።» አጥብቄ ያዝኩት። ምን ያደርግ መሰላችሁ? አንዱን ክንድ አወጣ፣ ሌላውን አወጣ፣ ካፖርቱን እጄ ላይ ትቶልኝ በሸሚዙ ተነሳ።

«የሥነ ሥርዓት ጥያቄ!»

«ተናግረህ ጨርሰሃል ጓድ መምህር» አለ ካድሬው።

«አንድ ነገር በቃለ ጉባኤው ይያዝልኝ። ተለውጣለች ያልኩት ታዝዤ አይደለም። በአጉሊ መነጽር አይቼ ነው። አልተለወጠችም የሚል ባገኝ ኖሮ እዚሁ ቆሜ አልተለወጠችም እል ነበር። ተማሪዎች ይህን ይወቁልኝ። የራሴን ዓይን ብቻ አይደለም ያመንኩት፤ ሌላም ሰው አሳይቻለሁ፣ አይቷል።»

ካድሬው የሰማው አንዲት ቃል ብቻ ነው። «ሌላ ሰው? ማን ነው?»

ደጀኔ ወደኔ ዞሮ እንኳ አላየም።

«የድርጅቱን መመሪያ ልክ ነው፣ ልክ አይደለም ብላችሁ ከማን ጋር ነው ተሰብስባችሁ ያጣራችሁት? ስንት ናችሁ?»

«ሁለት ነን። ሰውዬው ጥፋት የለበትም። ስሙን አልናገርም።»

ሰውዬው አለ፣ አይቷል አለ፤ እንዳያስጠረጥረኝ ሴት አላለኝም። እኔ ከእግሩ ሥር ካፖርቱን ታቅፌ ተቀምጫለሁ። መነሳት ነበረብኝ። «እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። ብዕሬን ይዤ «ስሙን ለመግለጽ ፈቃደኛ አልሆነም» ብዬ ጻፍኩ። እጅ ጽሑፌ እንኳ አልተበላሸም። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ክንዱን ይዘው በዚያ ብርድ በሸሚዙ ወሰዱት። ሰኞ ያንን ቃለ ጉባኤ በሦስት ኮፒ መታሁት።

ካፖርቱን ቤት ባከራየችው ሴትዮ በኩል እስር ቤት ላክሁለት። ራሴ ለመሄድ ወኔ አልነበረኝም። ሴትዮዋ ስንቅ አድርሳ ስትመለስ «ዛሬም ማን እንደሆነ ጠይቀውታል፣ ዛሬም ገርፈውታል» ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ «ማን ይሆን?» እላለሁ። እንዲህ ያልኩበት ምላሴ! አስራ አንድ ወር አስረው ፈቱትና ወደ አንኮበር አንደኛ ደረጃ መደቡት። ደብረ ብርሃን አንድ ሌሊት እንኳ ሳያድር አለፈ።

እኔ ስድስት ወር ቆይቼ ሄድኩ። ልንገረው፣ ልናዘዘው ብዬ ነው። አንኮበር ጉም ውጧት ነበር፤ ትምህርት ቤቱን ያገኘሁት የልጆቹን ድምፅ ተከትዬ ነው። ደጀኔ ከስቷል፣ ግራ እግሩን ይጎትታል፣ ግን አሁንም አይቆምም። ሲያየኝ አቅፎ ሳመኝና «ነይ እየሄድን እናውራ» አለኝ። ስለ ቁልቁለቱ መንገድ፣ ከአልዩ አምባ በርበሬ ጭነው ስለሚወጡት ነጋዴዎች፣ ስለ ልጆቹ አወራኝ፤ ስለ እስር ቤቱ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኔ ከኋላው እያለከለክሁ መግቢያ ቀዳዳ አጣሁ።

መኪናዋ ልትነሳ ስትል ነገሩን እሱ ራሱ አነሳው። «እዚያ ሳለሁ ልቤ አንዳንዴ ይከዳኝ ነበር» አለ። «ምናልባት ፍርሃቴ ነው ያየው፣ ምናልባት በከንቱ ነው የምገረፈው እላለሁ። ከዚያ ያንቺ ዓይን ትዝ ይለኛል። እሷ አይታለች እላለሁ።»

እንደዚያ ባይለኝ ምናለበት! ዝም ብዬ ልሳፈር እግሬን መወጣጫው ላይ አድርጌ ነበር፤ አልቻልኩም፣ ወረድኩ።

«ደጀኔ፣ እኔ አላየሁም።»

«ምኑን?»

«ምልክቱን። ምንም አልታየኝም ነበር። እንድትድን ብዬ ነው ይለያያል ያልኩህ።»

ቆመ። ያ ሰውዬ ቆመ። ባወቅኩት ዘመን ሁሉ እንደዚያ ሲቆም አይቼው አላውቅም። ረዳቱ ግቢ እያለ በሩን ይደበድባል፣ ሰው ይሳደባል፣ እሱ ያየኛል።

«ታዲያ ያን ሁሉ ወር ማንን ነበር የደበቅኩት?» አለኝ።

«እኔን» አልኩት፣ እያለቀስኩ።

ሻርፔን አስተካክሎ አለበሰኝና «አንቺንማ ዛሬም ቢጠይቁኝ አልናገርም» አለ። ደግፎ አሳፈረኝ፤ ሾፌሩንም ቀስ ብለህ ንዳ አለልኝ።

አልተጣላንም። ደርግ ከወደቀ በኋላም እዚያው አንኮበር ቀረ፤ በየዓመቱ እሄድ ነበር፣ ወንዱን ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ እሱ ነው። ድንጋይ መልቀሙንም አልተወም፤ ኪሱ እንደሞላ ነው የሚቀበለኝ። ያገኘውን ለተማሪው ያሳያል፣ ለጎረቤቱ ያሳያል፣ ከገበያ ለሚመለስ መንገደኛ ሁሉ ያሳያል። በዚያ ሁሉ ዓመት ግን አንድም ቀን እኔን «እዪልኝ» ብሎኝ አያውቅም።